ለፉቲ ተጫዋች ልጅ የሚሸጠው የምዘና ፓኬጅ፦ ፊልሙን ግዙ፣ ደረጃውን ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡ

ሜልበርን ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ልጃችሁ ፉቲ፣ የአውስትራሊያውን ፉትቦል ማለቴ ነው፣ የሚጫወትላችሁ እናቶች፣ ልጁን በፊልም፣ በፈተናና በጽሁፍ ሪፖርት ስለሚመዝነው ፓኬጅ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ያየሁትን ሁሉ እዚህ ልጻፈው። መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ፊልሙና የቪዲዮ ውይይቱ ገንዘቡን ያወጣል፣ የሩጫና የዝላይ ፈተናው ለኛ ልጅ አላስፈለገም፣ የጽሁፍ ሪፖርቱ ደሞ ግማሹን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው ግማሹ ግን ወረቀት ታይቶ የተሞላ ነው። በተለይ ኢትዮጵያ የተወለደ ልጅ ያላችሁ የእድሜውን ነገር የጻፍኩትን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

እኔ ያለሁት ሀዋሳ ነው፣ የሰፈር ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ፣ እግር ኳስ፣ ከ15 አመት በታች። የእህቴ ልጅ እዚሁ ሀዋሳ ተወልዶ በስድስት አመቱ ከናቱ ጋ ሜልበርን ሄደ፣ እዛ መጀመሪያ እግር ኳስ ተጫወተ ከዛ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሲጎትቱት ፉቲ ገባ፣ አሁን ታለንት ሊግ በሚባለው፣ በዋናነት የቪክቶሪያ ከ18 አመት በታች ምርጥ ልጆች በሚጫወቱበት ሊግ ውስጥ አንዱ ቡድን ይዞታል። በፈረንጅ 2026 ህዳር ላይ ለሚደረገው ድራፍት፣ ትልልቆቹ ክለቦች ወጣት ተጫዋች ለሚመርጡበት ማለት ነው፣ እድሜው ይደርሳል። ልጁ ገና 17 ስለሆነ ስሙንም ቡድኑንም አልጠራም፣ የድርጅቱንም ስም የማልጠራው ትንሽ ድርጅት ስለሆነ ስሙ ከተጠራ ልጁ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል ብዬ ነው፣ እንደዚህ አይነት አገልግሎት የሚሸጡ ስላሉ ግን የጻፍኩት ለሌላውም ይጠቅማል። እህቴ ጨዋታውን ብዙም አታውቀውም፣ ቅዳሜ ልጁ ሲጫወት እሷ ስራ ላይ ነች፣ ሰው ሲነግራት ከፍላ ገባችበት፣ ሪፖርቱ ሲደርሳት "ወንድምዬ በናትህ አንተ እየው፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚሉት?" ብላ ላከችልኝ።

እዚህ ሆናችሁ ለምታነቡና ጨዋታውን አይታችሁት ለማታውቁ ባጭሩ፣ በአንድ ቡድን 18 ሰው ሜዳ ይገባል፣ ሜዳው ሞላላ ነው፣ ርዝመቱ ከ135 እስከ 185 ሜትር ይደርሳል ማለትም እኛ ከለመድነው ሜዳ በጣም ይበልጣል፣ ኳሱም ሞላላ ነው። በየጫፉ አራት ቋሚ አለ፣ በመሀለኞቹ ሁለቱ መሀል በእግር ተመታ ከገባ 6 ነጥብ፣ በጎናቸው ካለፈ 1 ነጥብ። ኳስ መወርወር ክልክል ነው፣ ወይ በእግር ትመታለህ ወይ ባንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ቡጢ መትተህ ታቀብላለህ፣ ይሄኛውን ሃንድቦል ይሉታል። ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘ በእግር የተመታ ኳስ መሬት ሳይነካ ከያዝክ ማርክ ይባላል፣ ያኔ ማንም ሳይነካህ ተረጋግተህ ትመታለህ። ይዘህ ስትሮጥ ቢያንስ በየ15 ሜትሩ ኳሱን መሬት ማስነካት አለብህ። የመልቀቅ እድል ኖሮህ ሳትለቅ ከተያዝክ ቅጣት ነው። ኦፍሳይድ የሚባል የለም፣ ራግቢም አይደለም።

ድራፍቱ ደሞ ለኛ ሰው ትንሽ እንግዳ ነው። እኛ ጋ ሀዋሳ ከተማ ወይ ሲዳማ ቡና ልጅ ከወደደ ያናግረዋል ያስፈርመዋል። እዛ የትልቁ ሊግ፣ የኤኤፍኤል፣ 18 ክለቦች በተራ ነው የሚመርጡት፣ ተራው የሚጀምረው ከሊጉ መጨረሻ ከወጣው ነው፣ ልጁ ክለቡንም ከተማውንም አይመርጥም። በፈረንጅ 2023 አንደኛ የተመረጠው ሃርሊ ሪድ ቶንጋላ ከምትባል የቪክቶሪያ ትንሽ ከተማ የወጣ ልጅ ነው፣ የመረጠው ግን ዌስት ኮስት ስለሆነ ፐርዝ ሄደ፣ የሀገሪቱ ሌላ ጫፍ ማለት ነው። ለየት የሚለው አባቱ ለክለቡ 100 ጨዋታ የተጫወተለት ልጅ ነው፣ የአባቱ ክለብ ቅድሚያ አለው፣ ኒክ ዴይኮስ በ2021 ኮሊንግውድ የገባው በዚህ መንገድ ነው። የኛ ልጅ አባትም አጎትም እዛ የለውም፣ ስለዚህ መልማዮቹ፣ ለክለቦቹ ልጅ እያዩ የሚመርጡት ሰዎች ፊት የሚቀርበው በጨዋታው ብቻ ነው፣ እህቴም ገንዘቧን ያወጣችው ለዚህ ነው።

ስለ ፈተናው ቶሎ ልለፈው። 20 ሜትር ሩጫ፣ ቆሞ ዝላይና ተንደርድሮ ዝላይ፣ በቋሚዎች መሀል እየታጠፉ መሮጥ፣ 2 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ኮምባይን በሚባለው ትልቁ የፈተና ዝግጅት ላይ የሚሰሩትም እነዚሁ ናቸው፣ እዛ የሚኬደው ግን በግብዣ ነው። 20 ሜትሩን ከ3 ሰከንድ በታች የገባ ፈጣን ይባላል፣ 2 ኪሎ ሜትሩን 6 ደቂቃ አካባቢ የጨረሰ ደሞ በጣም ጥሩ ሯጭ ነው። ልጃችን 20 ሜትሩ መካከለኛ ነው፣ 2 ኪሎ ሜትሩ ላይ ግን ከጓደኞቹ ፊት ነው። ችግሩ ምንድነው፣ ታለንት ሊግ ውስጥ ያለ ልጅ ይሄንን ፈተና ቡድኑ ራሱ ይፈትነዋል፣ ውጤቱም ልጁ እጅ አለ። እህቴ ይሄን ስላላወቀች ድጋሚ ከፈለች፣ የሸጡላት ሰዎችም ልጁ የት እንደሚጫወት እያወቁ ቀድመው ሊነግሯት ይገባ ነበር፣ ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ። ልጃችሁ ገና ሰፈር ክለብ ብቻ ከሆነና ተፈትኖ የማያውቅ ከሆነ ያኔ ሌላ ነገር ነው፣ ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ፣ ምክንያቱም የዚህ ፓኬጅ ዋናው እሱ ነው።

እኛ ሀገር የልጅ ቪዲዮ ሲባል ሁለት ደቂቃ የምትሆን፣ ጎል ጎል ብቻ ያለባት፣ ከላይ ሙዚቃ የተጫነባት ነች። ይሄ እንደዛ አይደለም። ሙሉ ጨዋታዎችን ነው የሰጡን፣ ከአንድ በላይ ጨዋታ፣ ካሜራው ሰፋ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ የተወሰነው ደሞ ከጎሉ ጀርባ ከፍ ብሎ የተቀረጸ ነው፣ ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር ደቂቃው ተጽፏል፣ ኳስ ባልነካበትም ጊዜ መዛኙ ያየው ነገር ካለ ደቂቃውን ጽፎበታል። ያጠፋው ሁሉ አለ፣ ምንም አልተቆረጠም። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ልጁ ክንፍ ላይ ነው የሚጫወተው። የፉቲ ክንፍ ስራው ከባድ ነው፣ ቡድኑ ሲያጠቃ መስመሩን ይዞ ሰፍቶ መቆየት አለበት፣ ቡድኑ ሲጠቃ ደሞ እስከ ራሱ ጎል ድረስ ወርዶ ክፍተቱን መድፈን አለበት፣ ይሄን ጨዋታው እስኪያልቅ ይመላለሰዋል፣ አንድ ሩብ 20 ደቂቃ ነው ግን ሰአቱ እየቆመ ስለሚሄድ ከዛ በላይ ነው የሚፈጀው፣ አራት ሩብ ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ ሶስተኛው ሩብ ነው፣ ሰው ሁሉ ደክሞታል፣ ተቃራኒ ቡድን ከወዲያኛው ጥግ ኳስ ይዞ ሲወጣ የኛ ልጅ የሚጠብቀው ክንፍ ወደ ፊት ሾልኮ ይሄዳል። ልጃችን አልተከተለውም፣ ዞር ብሎ አየና ከሰማንያ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሮጦ ከትልቁ አጥቂ ፊት ያለው ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። ኳስ የያዘው ልጅ ቀና ሲል እሱን አየ፣ ሊመታ የነበረውን ትቶ መስመር ለመስመር መታ፣ እዛ ሁለት የኛ ተከላካዮች ጠብቀው ወደ ውጪ አስወጡት። ልጃችን ኳሱን ጫፉን አልነካም፣ የትኛውም የጨዋታ ቁጥር ላይ አይጻፍለትም፣ ግን ጎሉን ያዳነው እሱ ነው። እሱን ቦታ መልሼ መላልሼ አየሁት። መዛኙም አይቶታል፣ ደቂቃውን ጽፎ "ይህን ማንም አላዘዘውም፣ ራሱ ነው ያነበበው" የሚል ማስታወሻ አስቀምጧል። ይሄን አይቶ የጻፈ ሰው ስራውን ያውቃል፣ እዚህ ላይ ምንም አልከራከርም።

ድክመቱም ላይ አልዋሸንም። አንደኛ አመታቱ። ፉቲ ላይ ዋናው ምት ኳሱ ከእጅ ወደ እግር ወርዶ ተመትቶ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የሚሄደው ነው፣ እንደዛ ሲሽከረከር ነው ቀጥ የሚለው፣ ለዛ ደሞ ኳሱን የሚመራው እጅ አብሮ ወደ ታች ወርዶ እግሩ አጠገብ ነው መልቀቅ ያለበት። ልጃችን ተረጋግቶ ሲመታ ልክ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ያምራል። ሰው ሲመጣበት ግን ከደረቱ ላይ ይለቀዋል፣ ከዛ ከፍታ ሲወርድ ኳሱ አየር ላይ ዘንበል ይላል፣ ሲመታው ወደ ጎን እየተንሳፈፈ ይሄዳል፣ ጓደኛው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ይሄ የችሎታ ማነስ አይደለም፣ የችኮላ ነው፣ ይታረማል፣ ግን መልማዮች የሚያዩት የተመታው ኳስ የት እንደወደቀ ነው።

ሁለተኛው ግራ እግሩ ነው፣ እዚህ ላይ ደሞ ሪፖርቱ ያላየውን እኔ ያየሁ ይመስለኛል። ሪፖርቱ "ግራ እግሩን አይጠቀምም" ብሎ ነው ያለፈው። ልጁ በግራ መስመር ሲገፉት ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ወደ ቀኝ እግሩ። ይሄ እኮ የኛ የእግር ኳስ ክንፎች ነገር ነው፣ እኛ ለልጆቻችን ቆርጠህ ግባ እያልን የምናስተምረው፣ እሱም ትንሽ ሆኖ እግር ኳስ ሲጫወት የለመደው። እግር ኳስ ላይ ቆርጠህ ስትገባ የሚጠብቅህ አንድ ተከላካይ ነው፣ እሱም በእጁ ሊይዝህ አይችልም። ፉቲ ላይ ወደ ውስጥ ስትቆርጥ ሰው ወዳለበት ነው የምትገባው፣ በሁለት እጁ ጠምልሞ ይይዝሃል፣ ቅጣት ለሱ። ስለዚህ ልጁን ግራ እግርህን ተለማመድ ማለት ብቻ አይበቃም፣ መጀመሪያ መቁረጡን ማስተው ነው ያለበት፣ መስመሩን ይዞ በግራ እጁ በኩል ሃንድቦል አቀብሎ ማለፍ ቢለምድ ግማሹ ችግር ይቀላል። ይሄን በቪዲዮ ስንነጋገር ለመዛኙ ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ፊልሙን ከፍቶ አብረን አየን፣ ትክክል ነህ አለኝ።

ሶስተኛው ሰው ተረባርቦ ኳስ መሬት ላይ ሲሆን ገብቶ አይነጥቅም፣ ውጪ ቆሞ ይጠብቃል። ሪፖርቱ በጣም ጠንከር ያለ ቃል የተጠቀመው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። ክንፍ ውጪ መቆም አለበት፣ እሱም ገብቶ ከተረባረበ ኳሱ ሲወጣ የሚቀበል ሰው የለም። ግን እውነት ለመናገር የራሱ የሆነ ኳስ ላይም፣ ቀድሞት ሊደርስበት የሚችል ላይም የሚያመነታበት አለ፣ ያን ፊልሙ በግልጽ ያሳያል፣ ያ መስተካከል አለበት።

የጽሁፍ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ደረጃ ይሰጣሉ፣ ለልጃችን "በድራፍቱ መጨረሻ ዙሮች ወይም በሩኪ ዝርዝር ሊታይ የሚችል" ነው የሚለው፣ ሩኪ የሚባሉት ከክለቡ ዋና ዝርዝር ውጪ የሚያዙት ጀማሪዎች ናቸው። እህቴ ይሄን አንብባ አለቀሰች፣ ወደቀ ማለት መስሏት። እንደዛ አይደለም። በፈረንጅ 1990 ድራፍት ጄምስ ሄርድ 79ኛ ነው የተመረጠው፣ በ1996 ብራውንሎው ሜዳልያ ማለትም የሊጉን ትልቁን የኮከብ ተጫዋችነት ሽልማት ወሰደ። ዴን ስዋን በ2001 58ኛ ተመርጦ በ2011 ያንኑ ሽልማት ወሰደ። ማጃክ ዳው የሚባለው ሱዳን የተወለደው ልጅ በ2009 በሩኪ ድራፍት ነው ኖርዝ ሜልበርን የገባው፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2013 ነው፣ አራት አመት ጠብቆ። በሌላ በኩል ቶም ቦይድ በ2013 አንደኛ ተመርጦ ከአንድ አመት በኋላ ክለብ ቀየረ፣ በ2016 ከዌስተርን ቡልዶግስ ጋ ዋንጫ በላ፣ በፍጻሜው ጨዋታም ሶስት ጎል አግብቶ ነበር፣ በ2019 ግን ገና በወጣትነቱ ጫማውን ሰቀለ። ስለዚህ ደረጃው ዛሬ መልማይ ልጁን በስንተኛ ተራ ሊያስበው እንደሚችል ነው የሚነግራችሁ፣ ሌላ ምንም አይነግራችሁም። ለልጃችን የተሰጠው ደረጃ በኔ አስተያየት በፊልሙ ላይ ካየሁት ጋ ይሄዳል፣ ትንሽ ቢያንስ ነው እንጂ አልበዛም።

ያልወደድኩትን ደሞ ልናገር። ሪፖርቱ ልጁን ከቻንግኩዎት ጂያት ጋ ያወዳድረዋል። ጂያት ጥሩ ተጫዋች ነው፣ ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ እዚሁ ኢትዮጵያ ነው የተወለደው፣ ሞርዌል የምትባል የጊፕስላንድ ከተማ አድጎ ሃውቶርን ገብቶ በ2019 የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፣ እኔም አደንቀዋለሁ። ግን ጂያት ከኋላ የሚነሳ ተከላካይ ነው፣ ሰው ላይ ዘሎ ኳስ የሚነጥቅ፣ ከዛ ተወርውሮ የሚወጣ። የኛ ልጅ ዘሎ የሚነጥቅ አይደለም፣ ተወርዋሪም አይደለም፣ ሳያቆም ረጅም የሚሮጥ ልጅ ነው። ምናቸው ነው የሚመሳሰለው ብዬ ብፈልግ የተወለዱበት ሀገር ብቻ ነው ያገኘሁት። ይሄን የሚያነብ መልማይ ዘላይ ተከላካይ ሊያይ መጥቶ ክንፍ ያገኛል፣ ልጁን ይጎዳዋል። ሌላ ቦታ ላይ ደሞ "ተፈጥሯዊ የምስራቅ አፍሪካ ጽናት" የሚል ነገር አለ። ሀዋሳ እኮ በቆጂ አይደለችም፣ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ልጁ ደሞ በስድስት አመቱ ነው የወጣው። ትንፋሹ የመጣው ክረምት በጋ ሳይል ከትምህርት በፊት በጠዋት ተነስቶ ስለሚሮጥ ነው፣ እናቱ በሌሊት ለስራዋ ስትወጣ እሱ ጫማውን እያሰረ ነው የምትተወው። ላቡን ለተፈጥሮ መስጠት ልክ አይደለም። ይሄ ቃል እንዲወጣ ጠየቅን፣ አወጡት፣ የጂያትን ንጽጽርም አንስተው የክንፍ ተጫዋችን ስራ በሚያሳይ ማብራሪያ ተኩልን።

አሁን የእድሜውን ነገር፣ ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የድራፍቱ ህግ ልጁ በዛ አመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 መሙላት አለበት ነው የሚለው። ስለዚህ ለ2026 ድራፍት ዋናዎቹ እጩዎች በፈረንጅ 2008 የተወለዱ ልጆች ናቸው፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31። የኛ ልጅ የተወለደው ጥቅምት 2001 በኛ ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 2008 ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ምን ይላል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008። ያኔ ቅጹን የሞላው ሰው አመቱ ላይ 7 ጨምሮ 2008 ብሎ ቀንና ወሩን ግን ሳይጠይቅ ጃንዋሪ 1 ብሎ አስገባው፣ እናቱም በጭንቀት ላይ ስለነበረች አላየችውም። ከኛ ሀገርም ከጎረቤትም የሄዱ ስንት ልጆች ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

በሁለቱም ቀን ብታሰሉት ልጁ ያው የ2026 ድራፍት ነው፣ እድሜ ተቀነሰ ተጨመረ የሚባል ነገር የለም፣ ምንም አያተርፍበትም። ግን መዛኝ ወረቀቱን ሲያይ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ልጅ ከእኩዮቹ ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከዛ በላይ ትልቅ ሊሆን አይችልም። እውነተኛ ቀኑን ብታዩት ደሞ ከትንሾቹ አንዱ ነው። ልዩነቱ ዘጠኝ አስር ወር ነው፣ በ17 አመት ልጅ ላይ አስር ወር ማለት ትከሻ ነው፣ ኪሎ ነው፣ አንዳንዴ ቁመትም ነው። ሪፖርቱ ላይ "አካሉ ለእድሜው ቀጠን ያለ፣ የቀረው የማደግ እድል ውስን" ብለው ጽፈዋል። ይሄን ያሉት ፊልሙን አይተው አይደለም፣ ቀኑን አይተው ነው። እህቴን ስጠይቃት ከገና ወዲህ የገዛችለት ሱሪ ሁሉ አጥሮታል፣ ጓደኞቹ ጺም አብቅለው እሱ ገና ምንም የለውም። ሰው ላይ ገብቶ ኳስ አይነጥቅም ያሉትም ከዚህ ጋ ይያያዛል፣ በአስር ወር ከሚበልጠው ልጅ ጋ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋ ልጅ ማመንታቱ ይገባኛል፣ አመት ሲጨምር ይሄ ድክመት በራሱ የሚቀንስ ሊሆን ይችላል፣ ሪፖርቱ ግን ያለቀለት አድርጎ ነው የጻፈው።

እኛ ጋ ችግሩ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው ይሄን ቶሎ ያየሁት። እዚህ ውድድር ላይ እድሜ ቀንሶ የሚመጣ ልጅ አለ፣ ለዛ ነው በአለም አቀፍ ከ17 አመት በታች ውድድር የእጅ አንጓ ኤምአርአይ የሚነሱት፣ እኛ አሰልጣኞች ልጅ ስናይ መጀመሪያ ወረቀቱን ሳይሆን ጉልበቱን፣ አንገቱን፣ ድምጹን ማየት ለምደናል። እዛ ያሉት ወረቀት ያምናሉ፣ ማመናቸውም ጥሩ ነው፣ ግን ከኛ ሀገር የመጣ ልጅ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ምን ነበረበት።

የቪዲዮ ውይይቱ ላይ ይሄን አነሳሁት። እነሱ ጋ ማታ 1 ሰአት ነበር እኛ ጋ ቀን 6 ሰአት፣ እኔ ኔትወርኩ ይሻላል ብዬ ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የገባሁት። መዛኙ ድሮ ታዳጊዎች ያሰለጥን የነበረ ሰው ነው፣ ትሁት ነው፣ አይቸኩልም፣ ማስረጃ አላችሁ ወይ አለ። እህቴ ተነስታ ከመሳቢያዋ የክትባት ካርዱን አወጣች፣ እዚሁ ሀዋሳ የተሰጠው፣ የተወለደበት ቀንና የመጀመሪያ ክትባቱ በኛ አቆጣጠር የተጻፈበት፣ ይሄን ሁሉ አመት አስቀምጣዋለች። ፎቶ አንስታ ላከችለት። ከቀናት በኋላ የአካሉን ክፍል አስተካክሎ ላከ፣ "ከሰነዱ ያነሰ እድሜ ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ አለ፣ እድገቱ አልተጠናቀቀም" ብሎ ጻፈ። ደረጃውን ግን አልቀየረም፣ ክለቦች የሚያነቡት ህጋዊውን ሰነድ ነው አለ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፣ እሱ የተከፈለው ልጁ ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል እንዲናገር ነው፣ እድገቱ አልተጠናቀቀም ብሎ ካመነ ደረጃውም መንቀሳቀስ ነበረበት። ቢሆንም ሰምቶ ማስተካከሉን አከብርለታለሁ። እህቴ አሁን ሰነዱን በህጋዊ መንገድ ለማረም ጀምራለች፣ ጊዜ እንደሚወስድ ነግረዋታል።

ስለ ውይይቱ አንድ ነገር፣ ልጁን አስተርጓሚ እንዳታደርጉት። እህቴ እንግሊዝኛዋ ለስራ ይበቃታል እንጂ ለዚህ አይነት ወሬ አይበቃትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚያስተረጉምላት ልጁ ራሱ ነበር። ሰውዬው ስለ ድክመቱ ሶስት አራት ደቂቃ ተናግሮ ሲጨርስ እህቴ "ምን አለ?" ስትለው "ጥሩ ነው፣ ትንሽ ልምምድ ጨምር ነው ያለው እማ" ይላል። ሊዋሻት ፈልጎ አይደለም፣ 17 አመት ልጅ በናቱ ፊት ስለራሱ ድክመት በራሱ አፍ እንዲናገር ተደርጎ ነው። ከዛ እኔ ተረከብኩት፣ እሱም ቀለል አለውና መጠየቅ ጀመረ፣ "አጎቴ፣ መቁረጡን ከተውኩት ወዴት ነው የምሄደው?" አለኝ፣ ከዛ በኋላ ነው ውይይቱ ውይይት የሆነው። ሌላ ትልቅ ሰው ከሌላችሁ ድርጅቱን አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ያዘጋጃሉ ብለውናል።

ፊልሙን እዚህ ካሉ አሰልጣኝ ጓደኞቼ ጋም አይተነዋል፣ መጀመሪያ ህጉ ግራ ገብቷቸው ነበር፣ ከዛ ደቂቃ እየጠቀሱ መከራከር ጀመሩ። እኛ ሙከራ ስናደርግ ልጆቹን ባንድ ጠዋት ሰብስበን ትንሽ አጫውተን ጠንከር ያለውንና ጎል ያገባውን እንይዛለን፣ ቀሪው ወደ ቤቱ። ስንቱን በልደቱ ወር ብቻ መልሰነው ይሆን እላለሁ አሁን። እኔ ለራሴ ቡድን ደብተር ከፍቻለሁ፣ ካሜራ የለንም፣ አንድ ረዳት ልጅ ውጪ ተቀምጦ አንድ ተጫዋች ብቻ እያየ ኳስ ሳይዝ የሚያደርገውን ይጽፍልኛል፣ በየሳምንቱ ሌላ ልጅ። ከዚህ በፊት ልብ ብዬ ያላየሁት አንድ ዝምተኛ ልጅ በዛ ደብተር ምክንያት አሁን ቋሚ ነው።

ለመግዛት ላሰባችሁ፣ ፓኬጁ ተነጣጥሎ ይሸጣል ግን እነሱ ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም። ፊልሙንና የቪዲዮ ውይይቱን ብቻ ውሰዱ። ስትመዘገቡ የልጁ እውነተኛ የልደት ቀን ከወረቀቱ የሚለይ ከሆነ የክትባት ካርድም ይሁን የክርስትና ወረቀት ያላችሁን ይዛችሁ መጀመሪያውኑ ተናገሩ፣ ሪፖርቱ ከተጻፈ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው። ከማን ጋ ሊመሳሰል እንደሚችል ሲጽፉ በምን አይነት አጨዋወት እንደሆነ እንዲያብራሩ ጠይቁ። ለድራፍቱ ስም ማስመዝገቡ የልጁ የራሱ ስራ ነው፣ ይሄ ሪፖርት እሱን አይተካም፣ ሪፖርት ላይ ስሙ ስላለ ተመዝግቧል ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ወኪል ልሁነው የሚል ሰው ከመጣ ደሞ የተጫዋቾች ማህበሩ እውቅና እንዳለው ሳታረጋግጡ ምንም እንዳትፈርሙ። ፊልሙ የሚመጣው በማውረጃ ሊንክ ነው፣ ሊንኩ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይዘጋል፣ ፋይሉም ከባድ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።